ከውል የሚቀድም ፍትሕ፦ ሊዮ 13ኛና የሠራተኛው ደመወዝ ጥያቄ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የአውሮፓን የፋብሪካ ከተሞች አንድ ጥያቄ ያስጨንቃቸው ነበር። አንድ ሠራተኛ በገዛ ፈቃዱ በተስማማበት ደመወዝ ከተቀጠረ በኋላ «ተበድያለሁ» ሊል ይችላልን? ገበያው በነጻ ይለቀቅ የሚሉት የዘመኑ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት መልሳቸው አጭር ነበር፤ አይችልም። እንደ እነርሱ አስተሳሰብ ጉልበት እንደማንኛውም ሸቀጥ ዋጋው በገበያ የሚቆረጥ ነው፤ ሻጭና ገዢ ከተስማሙ ዘንድ ሦስተኛ ወገን የሚገባበት ምክንያት የለም።

ይህን መልስ በጽኑ ከተቃወሙት ሰነዶች አንዱ እ.ኤ.አ. ሜይ 15 ቀን 1891 ከቫቲካን ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰነዱ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ ያስተላለፉት «ሬሩም ኖቫሩም» የተባለው ሐዋርያዊ መልእክት ሲሆን፣ የላቲኑ ስያሜ «ስለ አዳዲስ ነገሮች» እንደ ማለት ነው። የዘመናዊው የካቶሊክ ማኅበራዊ ትምህርት መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረውም ይኸው መልእክት ነው።

የጥንቱ ፍልስፍና በአዲሱ ዘመን

ሊዮ 13ኛ በ1878 ሲመረጡ ዕድሜያቸው ወደ 68 ይጠጋ ነበር። ከ1843 እስከ 1846 በቤልጅየም የቫቲካን እንደራሴ ሆነው በማገልገላቸው፣ ከብዙዎቹ የአውሮፓ አገሮች ቀድማ ወደ ኢንዱስትሪ የገባችውን አገር በዓይናቸው አይተዋል። ከዚያም ከ30 ዓመታት በላይ በጣሊያን የፔሩጃ ጳጳስ ነበሩ።

በተመረጡ በዓመቱ፣ በ1879፣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ የቶማስ አኳይናስ ፍልስፍና በካቶሊክ ትምህርት ቤቶች እንዲታደስ የሚያዝ መልእክት አወጡ። ነገሩ ከዘመናዊው ዓለም ወደ ኋላ መሸሽ የመሰላቸው ጥቂቶች አልነበሩም። የጳጳሱ አሳብ ግን ሌላ ነበር፤ ጥንታዊው ፍልስፍና ለአዲሱ ዘመን ችግሮች መመዘኛ እንዲሆን ነበር የፈለጉት።

ቶማስ እንዳስተማረው፣ ሰው ያወጣው ሕግ ኃይሉን የሚያገኘው ሰብአዊ አእምሮ ሊያውቀው ከሚችለው ከተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ከዚህ ጋር የተጣላ ሕግ በስም ሕግ ቢባልም የሕግ ብልሽት እንጂ ሕግ አይደለም። የመንግሥት ዐዋጅ እንኳ በዚህ ሚዛን የሚመዘን ከሆነ፣ አሠሪና ሠራተኛ የሚፈራረሙት ውል ከሚዛኑ የሚያመልጥበት ምክንያት አይኖርም። የ1891ዱ መልእክት ዋና ክርክር ሥሩ እዚህ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ መልእክቱ ከመጻሕፍት ብቻ የተወለደ አልነበረም። በጀርመን የማይንስ ጳጳስ ቪልሄልም ኢማኑኤል ፎን ኬተለር በሠራተኛው ችግር ላይ መጽሐፍ ያሳተሙት ገና በ1864 ነው። በ1887 የአሜሪካው ካርዲናል ጄምስ ጊበንስ «የሥራ ባላባቶች» የተባለው የሠራተኞች ማኅበር እንዳይወገዝ ሮም ድረስ ሄደው ተሟግተዋል። በ1889 የለንደን የወደብ ሠራተኞች በሰዓት የሚከፈላቸው ወደ 6 ፔንስ ከፍ እንዲል ጠይቀው ለአምስት ሳምንታት ያህል ሥራ ሲያቆሙ፣ የ81 ዓመቱ አዛውንት ካርዲናል ሄንሪ ማኒንግ በሽምግልና ገብተው ጥያቄው እንዲመለስ ረድተዋል። የመልእክቱን ረቂቅ ከአዘጋጁት መካከል ደግሞ ኢየሱሳዊው ፈላስፋ ማቴዎ ሊቤራቶሬና ዶሚኒካዊው ካርዲናል ቶማሶ ዚልያራ ይገኙባቸዋል።

ሁለቱ የሥራ ጠባያት

ሊዮ 13ኛ ሶሻሊስቶች ያቀረቡትን የግል ንብረትን የማስወገድ አሳብ አጥብቀው ነቅፈዋል። ወደ ደመወዝ ጉዳይ ሲደርሱ ግን ጣታቸውን ወደ ባለሀብቱ መለሱ። እንደ መልእክቱ አገላለጽ ሥራ ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ የግል ነው፤ ጉልበቱ የሠራተኛው የራሱ ነውና። ሁለተኛ፣ የግድ ነው፤ ድኻ ከሥራው ሌላ መተዳደሪያ የለውም፤ ሕይወትን መጠበቅ ደግሞ የሁሉም ሰው ግዴታ ነው። ሥራ የግል ብቻ ቢሆን ኖሮ ሠራተኛው በፈለገው ዋጋ፣ ካሻውም በነጻ ሊያገለግል በቻለ። ነገር ግን ሁለቱ ጠባያት በአሳብ እንጂ በኑሮ አይነጣጠሉም።

ስለዚህ አሠሪና ሠራተኛ በነጻ ቢስማሙም፣ ከስምምነታቸው የሚቀድምና የሚበልጥ የተፈጥሮ ፍትሕ አለ፤ ደመወዙ ቆጣቢና ጨዋ የሆነውን ሠራተኛ ለማኖር ማነስ የለበትም። ሠራተኛው በችግር ተገፍቶ ወይም የባሰ እንዳይመጣ ፈርቶ ከዚያ ያነሰውን ቢቀበል፣ የኃይልና የግፍ ሰለባ ሆነ እንጂ ፈቀደ አይባልም። በአማርኛ «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ይባላል። የተረቱ ብልሃት ሰውየው ማግባቱን ሳይክድ፣ ምርጫ እንዳልነበረው መናገሩ ነው። የጳጳሱም ክርክር በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

መልእክቱ በዚህ ሳይወሰን የሠራተኞችን የመደራጀት መብት ደገፈ፤ መንግሥትም ለድኾች የተለየ ጥበቃ ሊያደርግ እንደሚገባው፣ የሕፃናትና የሴቶች የሥራ ጫናም ሊገደብ እንደሚገባ አሳሰበ።

ጉድለቶቹ

የመልእክቱ ትምህርት ያለ እንከን አልነበረም። የኋላ ተመራማሪዎች እንዳመለከቱት፣ የግል ንብረትን ለመከላከል የቀረበው ማስረጃ ከቶማስ ይልቅ ለእንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክ ይቀርባል። ለቶማስ የንብረት ክፍፍል የሰው አእምሮ በተፈጥሮ ሕግ ላይ የጨመረው ሥርዓት ነው፤ የምድር በረከት በመሠረቱ ለሁሉም የተሰጠ ነውና። በተጨማሪም ደመወዙ ቤተሰብን ጭምር ሊያኖር ይገባዋል ወይ የሚለው በግልጽ ስላልተመለሰ ክርክር አስነሣ። ፒዮስ 11ኛ በ1931 ባወጡት መልእክት ቤተሰብንም ሊያኖር እንደሚገባው ደነገጉ። ይሁን እንጂ አሠሪና ሠራተኛ በየሙያው በአንድነት ይደራጁ የሚለውን የዚሁ መልእክት አሳብ፣ በ1930ዎቹ የኦስትሪያው ዶልፉስና የፖርቱጋሉ ሳላዛር ለአምባገነን አገዛዛቸው መከታ አድርገውታል። ለድኻ ጥበቃ የተነገረ ቃል ድኻውን ዝም ለማሰኛ ሊውል መቻሉ ከታሪኩ የሚገኝ ከባድ ትምህርት ነው።

አሳቡ የተጓዘበት መንገድ

የደመወዙ ክርክር ግን ከቤተ ክርስቲያን አጥር ወጣ። በአሜሪካ ካህኑ ጆን ራያን በ1906 ለኑሮ ስለሚበቃ ደመወዝ መጽሐፍ አሳትመው ለዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ ተሟገቱ። በ1907 በአውስትራሊያ ዳኛ ሄንሪ ሂጊንስ በአንድ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ጉዳይ ላይ ሲፈርዱ፣ ሙያ የሌለው ሠራተኛ በቀን 7 ሺልንግ እንዲያገኝ ወሰኑ፤ መለኪያቸውም ገበያው ሳይሆን የሠራተኛው ሰብአዊ ፍላጎት ነበር። ዳኛው ካቶሊክ አልነበሩም፤ ፍርዳቸው ላይ የተጠቀሙበት አነጋገር ግን የ1891ዱን መልእክት እንደሚያስተጋባ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ። ውሳኔው በ1908 በሕገ መንግሥታዊ ክርክር ቢሻርም፣ መለኪያው በአገሪቱ የደመወዝ ሥርዓት ውስጥ ሥር ሰዷል።

በ1981 ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ፣ በጀርመን ወረራ ዘመን በድንጋይ ካባና በኬሚካል ፋብሪካ የሠሩት ፖላንዳዊ፣ የመልእክቱን 90ኛ ዓመት በሌላ መልእክት አሰቡ። በሜይ ወር ሊወጣ የታቀደው ጽሑፍ፣ ጳጳሱ በዚያው ወር በጥይት በመመታታቸው ወደ ሴፕቴምበር ተሸጋገረ። እንደ እርሳቸው ትምህርት የሥራ ክብር ምንጩ የሥራው ዓይነት ሳይሆን የሚሠራው ሰው መሆኑ ነው፤ የአንድ የምጣኔ ሀብት ሥርዓት ፍትሐዊነትም በተግባር የሚፈተነው በሚከፍለው ደመወዝ ነው። በሜይ 2025 የተመረጡት ሊዮ 14ኛም ስማቸውን የመረጡት በዋናነት የሬሩም ኖቫሩምን ጳጳስ በማሰብ እንደሆነ ለካርዲናሎቹ ሲያስረዱ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሰው ክብርና በሥራ ላይ የደቀነውን ፈተና ጠቅሰዋል።

ጥያቄው ለአፍሪካ ቀንድም እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 (ዓመቱ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ዝቅተኛ ደመወዝን በየጊዜው የሚወስን ቦርድ እንዲቋቋም መደንገጉ፣ የደመወዝ ወለል ለሁለት ተዋዋዮች ብቻ የሚተው እንዳልሆነ ማመን ነው። ወለሉ የት ላይ ይሁን የሚለውን የአገር አቅምና የገበያ ሁኔታ ሊያከራክሩበት ይችላሉ። ለእንጀራው ሲል የቀረበለትን ሁሉ የሚፈርም ሰው ፊርማ ግን ለአሠሪው የሕግ ማስረጃ ቢሆነውም፣ ከፍትሕ ጥያቄ ነጻ አያደርገውም።