የአፈርና ውሃ ጥበቃ ድጋፍ፦ ከምግብ ለሥራ እስከ ከተማ ሴፍቲኔት

በኢትዮጵያ የምግብ ዋስትናቸው ላልተረጋገጠ ቤተሰቦች የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ በአብዛኛው ከተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ሥራ ጋር የተቆራኘ ነው። ተጠቃሚው እርከን ይሠራል፣ ክትር ያቆማል፣ ችግኝ ይተክላል፤ በምላሹም እህል ወይም ጥሬ ገንዘብ ያገኛል። በገጠር የተጀመረው ይህ አሠራር ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ከተሞች የተሸጋገረ ሲሆን፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ የሚገኘው የአዲስ አበባ ጉለሌ ክፍለ ከተማም ከዚሁ ጋር ይነሳል። ከ40 ዓመታት በላይ ባስቆጠረው ሂደት የተገኘው ዋነኛ ትምህርት፣ ክፍያ ሥራውን ለማስጀመር ቢያስችልም ሥራው ጸንቶ የሚኖረው ባለቤቱ ተለይቶ ሲታወቅ መሆኑ ነው።

የምግብ ለሥራ ዘመን

በ1973 ዓ.ም. በግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት ባሰባሰበው መረጃ ላይ ተመሥርቶ በተደረገ ግምት፣ በደጋው የአገሪቱ ክፍል ከአንድ ሄክታር የእርሻ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል። ችግሩን ለመግታት ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ምግብ ፕሮግራም እርዳታ ሰፊ የምግብ ለሥራ ፕሮጀክት ተካሂዷል። አንድ ሠራተኛ በቀን 3 ኪሎ ግራም ስንዴና 120 ግራም የምግብ ዘይት ይከፈለው ነበር።

በዚህ መንገድ በርካታ ኮረብታዎች በእርከንና በደን ተሸፍነው ነበር። ይሁንና ከ1982 ዓ.ም. በኋላ በነበረው የለውጥ ወቅት ብዙዎቹ እርከኖች ፈርሰዋል፤ የማኅበረሰብ ደኖችም ተጨፍጭፈዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ዕቅዱ ከላይ የወረደ በመሆኑና ዛፉ የማን እንደሆነ ባለመታወቁ፣ አርሶ አደሩ ሥራውን እንደ መንግሥት ንብረት እንጂ እንደ ራሱ ሀብት አላየውም። ከዚህ ትምህርት በመነሳት ፕሮጀክቱ ቀስ በቀስ በአነስተኛ ተፋሰስና በነዋሪው ተሳትፎ ላይ ወደተመሠረተ ዕቅድ ተሸጋግሮ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ «መሬት» በሚል ስያሜ ቀጥሏል።

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም

በ1995 ዓ.ም. 13 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ለእርዳታ የዳረገው ድርቅ፣ በየዓመቱ በአስቸኳይ ጥሪ ላይ የተመሠረተው አሠራር እንዲለወጥ ምክንያት ሆኗል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መጀመሪያ 5 ሚሊዮን ያህል፣ በኋላም ከ7 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎችን አቅፏል። መሥራት የሚችሉ የቤተሰብ አባላት በወር ለ5 ቀናት በማኅበረሰብ ሥራ ይሰማራሉ። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሌሎች መሥራት የማይችሉ ወገኖች ደግሞ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። ፕሮግራሙ ሲጀመር የአንድ ቀን ክፍያ 6 ብር ሲሆን፣ ይህም በወቅቱ 3 ኪሎ ግራም እህል እንዲገዛ ታስቦ የተወሰነ ነበር። የገበያ ዋጋ ሲንር ክፍያው በተከታታይ ተሻሽሏል።

ፕሮግራሙ በተጀመረበት ዓመት የወጣው የማኅበረሰብ አቀፍ አሳታፊ ተፋሰስ ልማት መመሪያ፣ የሚሠራውን ሥራ ነዋሪው ራሱ በስብሰባ እንዲለይ ያዛል። በዚያው ዓመት የወጣውና እስከ 2016 ዓ.ም. በሥራ ላይ የቆየው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 ደግሞ፣ ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ከልክሏል። በትግራይ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በአማራ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተሰጠው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርም አርሶ አደሩ በማሳው ላይ የሠራውን እርከን እንዲንከባከብ ዋስትና ሰጥቶታል።

ጉለሌና እንጦጦ

በ2009 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በመጀመሪያው ምዕራፍ አዲስ አበባን ጨምሮ 11 ከተሞችን ሸፍኗል። ለዚህም ዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን፣ መንግሥት 150 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር መድበዋል። ተጠቃሚዎች በጽዳት፣ በአረንጓዴ ልማት፣ በተፋሰስና በመሰል የአካባቢ ልማት ሥራዎች ይሰማራሉ፤ ከሚያገኙት ክፍያ 20 በመቶ ይቆጥባሉ፤ በ3 ዓመት ውስጥም ወደ ራሳቸው መተዳደሪያ እንዲሸጋገሩ ይጠበቃል።

ለጉለሌ የተፋሰስ ሥራ የተለየ ትርጉም አለው። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው እንጦጦ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ በወንዞቹ ዳር የሰፈሩትን ነዋሪዎች ያሰጋል። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ተራራውን የሸፈነው ባህር ዛፍ፣ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ ለሚወርዱ እናቶች የዕለት ጉርስ ሆኖ ቆይቷል። በከተማ አስተዳደሩና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር በ705 ሄክታር ላይ የተቋቋመው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል፣ እንዲሁም መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ ፓርክ ጥበቃውን አጠናክረዋል። ሆኖም ተራራው በተጠበቀ ቁጥር ከዚያ ይኖር የነበረው ቤተሰብ ሌላ ገቢ ያስፈልገዋል። የሴፍቲኔት ክፍያ ይህን ክፍተት ሊሞላ የሚችለው በዕቅድ ከተያያዘ ነው።

ለፈጻሚ አካላት

በገጠር የእርከኑ ባለቤት ባለይዞታው አርሶ አደር ነው። በከተማ ግን ችግኙን የሚተክለው ተጠቃሚ በቦታው ላይ ይዞታ የለውም፤ ከፕሮግራሙ ሲመረቅም ቦታውን ትቶ ይሄዳል። ስለሆነም የወረዳ ባለሙያ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተረካቢውን ተቋም በስም መለየት፣ የእንክብካቤ በጀቱን ማስያዝና ርክክቡን በሰነድ ማረጋገጥ ይገባዋል። ምልመላው በነዋሪው ፊት ይፋ መደረግ፣ ቅሬታም በወቅቱ ምላሽ ማግኘት አለበት። ክፍያ ሲዘገይ ቤተሰቡ ወደ ብድር ወይም ወደ ተራራው እንጨት ይመለሳል፤ የተተከለውም ችግኝ ጠባቂ ያጣል። በመሆኑም የሪፖርቱ መለኪያ የተተከለው ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ከሁለትና ሦስት ክረምት በኋላ የጸደቀው ችግኝና ጎርፍ ያልናደው ክትር ሊሆን ይገባል።