ጥፍርና የውስጥ ደዌ፦ ከቶንፒንግ አንጻር

መግቢያ

ቶንፒንግ በደቡብ ሱዳን፣ ከጁባ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለ ሰፈር ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም (እ.ኤ.አ. 2013) ውጊያ ሲቀሰቀስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚያ ወደነበረው የተባበሩት መንግሥታት ቅጥር ግቢ ሸሹ። በድንገት የሚሸሽ ሕመምተኛ የሕክምና ካርዱን ይዞ አይወጣም፤ ጥፍሩ ግን አብሮት አለ። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግና ሙሉ በሙሉ ለመተካት 6 ወር ገደማ ስለሚፈጅበት፣ ያለፈውን ግማሽ ዓመት ሕመም ይዞ ይቆያል። ሆኖም የጥፍር ምልክቶች በብዛት የተገለጹት ፈካ ባለ ቆዳ ላይ ነው፤ በጥቁር እጅና በሒና በቀላ ጥፍር ላይ ንባቡ መታረም አለበት።

ዋና ዋና ምልክቶች

ፈረንሳዊው ሐኪም ቦ እ.ኤ.አ. በ1846 የገለጸው አግድም ጎድጓዳ መስመር፣ ጥፍሩ በጽኑ ሕመም ወይም በረሃብ ምክንያት ለጊዜው ማደጉን እንዳቆመ ያሳያል። መስመሩ ከጥፍሩ ሥር 6 ሚሊ ሜትር ከራቀ፣ ሕመሙ የደረሰው ከሁለት ወር ገደማ በፊት ነው።

ቴሪ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1954 ከመረመራቸው 100 የጉበት ሲርሆሲስ ሕሙማን በ82ቱ ላይ፣ ጫፉ ላይ ካለች ጠባብ ቀይ መስመር በቀር የነጣ ጥፍር አይቷል። ጉበትን የሚጎዳው ሄፓታይተስ ቢ በተስፋፋበት በደቡብ ሱዳን ይህ ምልክት ችላ ሊባል አይገባም። የታችኛው ግማሽ ነጭ፣ የላይኛው ቡናማ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ኩላሊት ያዘነብላል፤ ይህን ሊንድሴይ እ.ኤ.አ. በ1967 ገልጾታል። ሚውርኬ እ.ኤ.አ. በ1956 ያሳየው ጥንድ ነጭ አግድም መስመር የደም አልቡሚን መቀነስን ይጠቁማል። መስመሩ ያለው ጥፍሩ በተኛበት ሥጋ ላይ ስለሆነ ከጥፍሩ ጋር ወደፊት አይሄድም፤ አልቡሚኑ ሲስተካከል ይጠፋል።

እንደ ማንኪያ የጎደጎደ ጥፍር የብረት ማዕድን እጥረት ምልክት ነው፤ ለዚህ አንዱ መንስኤ ደም የሚመጠው የአንጀት መንጠቆ ትል ነው። የጣት ጫፍ ማበጥን ግን ሂፖክራተስም ያውቀው ነበር፤ የሳንባ ካንሰርን፣ ሥር የሰደደ የሳንባ መግልንና የልብ ውስጠኛ ሽፋን ኢንፌክሽንን ይጠቁማል። ደቡብ አፍሪካዊው የልብ ሐኪም ሻምሮት በዚሁ ኢንፌክሽን ታምሞ ሳለ የራሱን ጣቶች ተመለከተ፤ ሁለት ጥፍሮች ጀርባ ለጀርባ ሲገጠሙ በመካከላቸው የምትታየው ትንሽ ክፍተት መጥፋቷን እ.ኤ.አ. በ1976 አሳተመ። ፈተናው ምንም መሣሪያ አይጠይቅም።

ጥቁር ቆዳና ሒና

ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ጥቁር መስመሮች በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ፣ በተለይ ዕድሜ ሲገፋ፣ በብዙ ጣቶች ላይ ይታያሉ፤ በአብዛኛው በሽታ አይደሉም። የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነው ዚዶቩዲንም ጥፍርን ያጠቁራል። በአንድ ጣት ላይ ብቻ የወጣ፣ እየሰፋ የሚሄድና ወደ ዙሪያው ቆዳ የተሻገረ መስመር ግን ሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር) አለመሆኑ እስኪረጋገጥ ሊያሳስብ ይገባል።

ሌላው እንቅፋት ውበት ነው። የጁባ ሴቶች ሒና ይቀባሉ፤ እኛም ዘንድ እንሶስላ አለ። ቀለሙ የቴሪንም የሊንድሴይንም ምልክት ይሸፍናል፤ የጥፍር ቀለም ደግሞ የደም ኦክስጅን መለኪያን ሊያሳስት ይችላል። የጥፍር ቀለም በአሴቶን ይለቃል፤ ሒና ግን ጥፍሩ አድጎ እስኪቆረጥ ይቆያል። ስለዚህ መርማሪው ከሥሩ አዲስ የወጣውን ያልተቀባ ክፍል ይመልከት፤ ለደም ማነስም የዓይን ቆብ ውስጡን፣ ምላስንና መዳፍን ይይ።

ማጠቃለያ

ጥፍር ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም። ነጭ ጥፍር በጤነኛ አዛውንት ላይም ይታያል፤ የጣት ጫፍ ማበጥም በዘር ሊወረስ ይችላል። የጥፍሩ ምልክት የሚጠቅመው ቀጥሎ የትኛው ምርመራ እንደሚቀድም ለመወሰን ነው፦ የሽንት ፕሮቲን፣ የሄሞግሎቢን፣ የጉበት ምርመራ ወይስ የደረት ራጅ? በአማርኛ «ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ» መረመረው እንላለን፤ መሣሪያ ባነሰበት ክሊኒክ የሚሠራ ሐኪም አባባሉን ቃል በቃል ይውሰደው።