የውጭ ፖሊሲ ከወሰን ከተማ ሲታይ፦ ከ1889ኙ ውል እስከ ዛሬ



የውጭ ፖሊሲን ስናስተምር ብዙውን ጊዜ ከቤተ መንግሥትና ከሚኒስቴር መሥሪያ ቤት እንነሣለን። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ይህ ጉዳይ ከጅግጅጋ ሲታይ ምን ይመስላል የሚል ነው።

በግንቦት 1889 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የብሪታንያው መልእክተኛ ሬኔል ሮድ አዲስ አበባ ላይ ውል ተፈራረሙ። የሶማሌላንድ ወሰን ግን በዋናው ውል አልተዘረዘረም፤ ሮድ ሐረር ላይ ከራስ መኰንን ጋር በሚለዋወጣቸው ደብዳቤዎች እንዲወሰን ተተወ። በደብዳቤዎቹም በመስመሩ ወዲህና ወዲያ የሚኖሩ ጎሣዎች ተሻግረው መንጋቸውን እንዲያሰማሩና በአቅራቢያቸው ካለው የውኃ ጉድጓድ እንዲያጠጡ ተፈቀደ። ሲሻገሩ ግን ለደረሱበት አገር ሥልጣን ይገዛሉ። ይህ አንቀጽ ከርኅራኄ የመነጨ አይመስለኝም። የሐውድ አርብቶ አደር የሚከተለው ዝናብን ነው፤ ይህን ያላገናዘበ መስመር በወረቀት ላይ ብቻ እንደሚቀር ተደራዳሪዎቹ የተረዱት ይመስላል። አርብቶ አደሩን ግን አልጠየቁትም።

ይህ ጉድለት ከሃምሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ ገሃድ ወጣ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. በተደረጉት ስምምነቶች መሠረት ሐውድና የተከለለው ቀጠና በብሪታንያ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቆይተው ነበር። ኅዳር 20 ቀን 1947 ዓ.ም. የተፈረመው ስምምነት ግዛቱን ለኢትዮጵያ አስተዳደር ሲመልስ የግጦሽ መብቱን አጸና። ይሁንና ሚካኤል ማሪያኖ የነበሩበት የሶማሌላንድ ልዑክ ብሪታንያ ከጎሣዎቹ ጋር ቀደም ሲል የገባችውን የጥበቃ ውል እየጠቀሰ እስከ ለንደንና እስከ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ድረስ አቤት አለ። የወሰን ሕዝብ የፖሊሲ ተቀባይ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በ1952 ዓ.ም. የሶማሊያ ሪፐብሊክ ስትመሠረት የ1889ኙን ወሰን አልቀበልም አለች፤ የኢትዮጵያ መንግሥትም የግጦሽ መብቱ አብቅቷል የሚል አቋም ያዘ። ሁለቱ መንግሥታት ሲከራከሩ መንጋው መሻገሩን አላቆመም።

ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶማሌላንድ የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረሙ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በቱርክ አሸማጋይነት የአንካራው መግለጫ ሲወጣ፣ ክርክሩ ያተኮረው በባሕር በር፣ በሉዓላዊነትና በኃያላን ፉክክር ላይ ነበር። እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን ውሳኔው ቶጎ ውጫሌ ላይ ከብት ለሚሸጠው ነጋዴና ዘመዱ ሐርጌሳ ለሚኖረው የጅግጅጋ ቤተሰብ ምን ትርጉም አለው ብሎ የጠየቀ ጥናት እምብዛም አላየሁም። የተለወጠውን ዓለም በአሮጌው መነጽር እያየነው ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ አንድ አደራ አለኝ። በ1947 ዓ.ም. እረኛ ልጆች የነበሩ አዛውንቶች ዛሬ ሰማንያኛ ዓመታቸውን እያለፉ ነው። የለንደንና የአዲስ አበባ መዛግብት ይጠብቁናል፤ እነዚህ አባቶችና እናቶች ግን አይጠብቁንም። የሚያስታውሱትን በሶማሊኛ፣ እንደ ተናገሩት መዝግቡ። ትዝታ ይሳሳታልና ከመዝገብ ጋር አመሳክሩት፤ መዝገብም ይዘነጋልና ከትዝታ ጋር አስተያዩት። ያኔ ሐረር ላይ ያልተጠየቀው ሰው፣ ቢያንስ በታሪክ ጸሐፊው ዘንድ፣ ተጠየቀ ይባላል።