ሪዝ ለማሳደግ የተደረገ አድማ

እ.ኤ.አ. በአፕሪል 1907 የፓሪስ ካፌና ምግብ ቤት አስተናጋጆች ሥራ አቆሙ። ከጥያቄዎቻቸው ሁለቱን የትኛውም ሠራተኛ ወዲያው ይረዳቸዋል፤ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት ይሰጠን፣ ባለቤቶቹ ከጉርሻችን ላይ የሚወስዱት ገንዘብ ይቅር የሚሉ ነበሩ። ሦስተኛው ግን ዛሬ ሲሰማ ፈገግ ያሰኛል። ሪዝ የማሳደግ መብት ይከበርልን አሉ።

ለመሳቅ ግን አንቸኩል። በቅድሚያ ስለ ቃሉ፦ ሪዝ የምንለው ከላይኛው ከንፈር በላይ የሚበቅለውን ነው፤ ጺም ደግሞ አገጭና ጉንጭ ላይ ያለውን። ልዩነቱ ለዚህ ታሪክ ያስፈልገናል።

በዚያ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ ሪዝ የወንድ ልጅ ማዕረግ ነበር። መኮንኑ፣ ነጋዴው፣ ሚኒስትሩ ሪዛም ነው። እንዲያውም የአገሪቱ ጀንዳርሞች እስከ 1933 ድረስ ሪዝ የማሳደግ ግዴታ ነበረባቸው። ሙልጭ ብሎ የሚላጨው ማን ነው? ቄሱ፣ የቲያትር ተዋናዩ፣ እና የሀብታም ቤት አሽከሩ። የካፌው ባለቤት አስተናጋጁን ተላጭ የሚለው ደንበኛው የመኳንንት ቤት ገብቶ በአሽከር የሚስተናገድ እንዲመስለው ነው። ተራው ጸሐፊ ቡና ሊጠጣ ሲቀመጥ፣ ለግማሽ ሰዓት ጌታ ይሆናል። የተላጨው ከንፈር የዚህ ትያትር አልባሳት ነበር።

ነገሩ የንጽህና ነው የሚል አይጠፋም። ምግቡን የሚሠራው ግን ወጥ ቤት ያለው ሰው ነው፤ የዘመኑ ስመ ጥር የወጥ ቤት ሹም ኦጉስት ኤስኮፊዬ ደግሞ በፎቶግራፎቹ ሁሉ ከነሪዙ ነው የሚታየው። ጥያቄው የፀጉር ቢሆን ኖሮ ምላጩ ከእሱ ይጀምር ነበር።

የአስተናጋጆቹን ኑሮ ስናይ ደግሞ ነገሩ የበለጠ ይገባናል። ብዙዎቹ ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበራቸውም። የሚኖሩት በጉርሻ ነው፤ ከጉርሻውም ላይ ለባለቤቱ ይከፍላሉ። በጁላይ 1906 የወጣው ሕግ ለፈረንሳይ ሠራተኞች ሳምንታዊ እረፍት ፈቅዶ ነበር፤ ወረቀት ላይ ያለውን ወደ ካፌው ማምጣት ግን ሌላ ትግል ጠየቀ። ጊዜህ የሌላ ሰው፣ ገንዘብህ የሌላ ሰው፣ ፊትህም የሌላ ሰው ሲሆን፣ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ነጥሎ «ይሄ ቀላል ነው» ማለት ያስቸግራል።

ውጤቱስ? ሪዙ ተፈቀደ። ገንዘብ የሚነኩት ጥያቄዎች ግን እንደዚያ በቀላሉ አልተመለሱም። ይህም ትምህርት አለው፤ አሠሪ ምንም የማያስከፍለውን ነገር ቀድሞ ይለቅቃል። ቢሆንም ያ ምንም የማያስከፍል ነገር ለዓመታት በክልከላ መቆየቱ፣ ክልከላው የወጪ ሳይሆን የበላይነት ጉዳይ እንደነበረ ያጋልጣል።

አሁን ባሕሩን ተሻግረን እንግሊዝ እንሂድ። እዚያ ትእዛዙ ተገላቢጦሽ ነበር። የጦር ሠራዊቱ ደንብ አገጭና የታችኛው ከንፈር ይላጭ፣ የላይኛው ከንፈር ግን አይላጭ ይል ነበር። ልማዱ በሕንድ ከነበሩት ወታደሮችና ከክሪሚያ ጦርነት (1853–1856) በኋላ ተስፋፍቶ ደንብ ሆነ። በ1914 ጣቱን ቀስሮ ወጣቱን ለጦርነት የሚጠራው የሎርድ ኪችነር ምስል የዚያ ዘመን ፊት ነው፤ ከዓይኑ ቀጥሎ የሚታየው ሪዙ ነው።

ጦርነቱ ሲረዝም ግን ሠራዊቱ በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ሲቪል ወጣቶች ተሞላ። ገና በቅጡ ያላበቀለ አለ፤ የማይፈልግም አለ። ደንቡ በየምሽጉ ይጣስ ጀመር። በኦክቶበር 1916 ጄኔራል ኔቪል ማክሬዲ ግዴታውን የሚሰርዝ ትእዛዝ ፈረሙ። እሳቸው ራሳቸው ሪዛቸውን አይወዱትም ነበርና ወዲያው ሄደው ተላጩ። ብዙ ሰው ሪዝን የሻረው የመርዝ ጋዝ ጭንብል ነው ይላል። ጭንብሉ የሚጣበቀው ግን ጉንጭና አገጭ ላይ ነው፤ ችግር የሚፈጥረው ጺም ነው፤ ልከኛ ሪዝ ከጭንብሉ ውስጥ ይቀራል። ደንቡን የገደለው በዋናነት የማይታዘዘው ብዛት ነው።

ጀርመን ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ዊልሄልም ነበሩ። ጫፎቹ ወደ ላይ የተቀሰሩት ሪዛቸው የፍራንሷ ሃቢ የተባለ የቤተ መንግሥት ፀጉር አስተካካይ የእጅ ሥራ ነው። ሃቢ «ተሳካ» የሚል ስም ያለው የሪዝ ማቆሚያ ቅባት ለሕዝብ ሸጠ፤ ቅርጹን ለመጠበቅ ፊት ላይ የሚታሰር ጨርቅም ነበር። በኖቬምበር 1918 ንጉሡ ከዙፋን ወርደው ሆላንድ ተሰደዱ፤ እዚያም ጺም አሳደጉ። የሚያስመስላቸው ሕዝብ ሲጠፋ ያን ያህል መድከም ምን ያደርጋል?

ድካሙ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ሪዝ በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ የሚያምር ሪዝ በየሳምንቱ መቀስ ይጠይቃል። ደረቅ እንዳለ ወደ ታች አበጥሮ በከንፈሩ መስመር መከርከም ነው፤ ሲርስ ይረዝማልና እርጥቡን የቆረጠ ሲደርቅ አጥሮ ያገኘዋል። ቶንዶስ ለጎን፣ መቀስ ለከንፈር። ይህ ሁሉ መስታወት፣ ብርሃንና ጊዜ ይፈልጋል። እረፍት የሌለው አስተናጋጅ ሪዝን ከእረፍት ቀን ጋር አብሮ መጠየቁ እንግዲህ ምን ይገርማል?

ፀጉር መልእክት መሆኑ ለእኛም አዲስ ነገር አይደለም። ሐዘን የደረሰበት ወንድ ጺሙን ሲያሳድግ ጎረቤቱ ሳይነገረው ያውቃል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጫካ የገቡ አርበኞች ጎፈሬ ዛሬም በፎቶ ሲታይ «አልገዛም» ይላል። ልዩነቱ እነዚህን ሰዎች ያዘዛቸው አለቃ አለመኖሩ ነው። ሐዘኑም እምቢታውም የራሳቸው ነው።

ስለዚህ ዛሬ የትኛውም መሥሪያ ቤት ስለ ሠራተኛው ፊትና ፀጉር ደንብ ሲያወጣ ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል ባይ ነኝ። ደንቡ ከሥራው ጋር ይገናኛል? እሳት አጥፊ ጭንብሉ እንዲገጥም ጺሙን ቢላጭ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ደንቡ አለቃውንም ይመለከታል? ለማማር የሚወስደው ጊዜና ገንዘብስ ከማን ኪስ ይወጣል? ሦስቱንም መመለስ የማይችል ደንብ ከ1907ቱ የካፌ ባለቤት ደንብ የተለየ አይደለም።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሪዝ በአውሮፓ ፋሽንነቱ እየቀነሰ ሄደ። ከነዚያ አስተናጋጆች መካከል ያገኙትን ሪዝ ራሳቸው የላጩት ጥቂት አይሆኑም። ቢላጩም አልከሰሩም፤ ምላጩን ያነሱት በገዛ ፈቃዳቸው ነዋ።