ዞምቢ በብርጭቆ

መቼም ሰው ሠላሳን ሲሻገር የልጅነት ፍርሃቱ መሣቂያ ይሆንለታል። ባለፈው ጥቅምት፣ በአንድ ቅዳሜ ምሽት፣ ሰባት ጓደኛሞች እኔ ቤት ተሰብስበን «የጭራቅ ምሽት» ያልነውን ግብዣ አደረግን። ደንቡ ቀላል ነበር፤ እያንዳንዱ እንግዳ በአንድ አስፈሪ ፍጥረት ስም የተሰየመ ኮክቴል ያቀርባል፤ ብርጭቆው ከመነሣቱ በፊት ደግሞ የፍጥረቱን ታሪክ ይናገራል። ታሪክ የማያውቅ አይጠጣም። እኔ ባለቤቱ ቆሎና ኦቾሎኒ አቀረብኩ፤ ለማሳረጊያም ጀበናውን አዘጋጀሁ። ሌሊቱ በሣቅ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያውን መጠጥ ያቀረበው በሆቴል ባርማንነት የሚሠራው ጓደኛችን ነው። «ሬሳ አስነሺ» ይባላል። ስሙ ቢያስፈራም ዓላማው የዋህ ነው፤ ሌሊት ሲጠጣ አድሮ ጠዋት እንደ ሬሳ የተጋደመውን ሰው ለማንቃት የታሰበ ነው። የሎንዶኑ ሳቮይ ሆቴል ባርማን ሃሪ ክራዶክ በ1930 በወጣው የኮክቴል መጽሐፉ ውስጥ በዚህ ስም ሁለት ዓይነት ቅመማ አስፍሯል። (የውጭውን ታሪክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ሣቅን፤ ጠጣን።

ቀጥሎ ተራው የእኔ ሆነ። የመረጥኩት «ዞምቢ»ን ነበር። ይህን መጠጥ የፈጠረው በሆሊውድ «ዶን ዘ ቢችኮምበር» የተባለውን መጠጥ ቤት የከፈተው ኧርነስት ጋንት ነው፤ ጊዜውም አሜሪካ የአልኮል ክልከላዋን ባነሣች ማግስት፣ በ1934 ነበር። ሦስት ዓይነት ሩም ይገባበታል፤ ከሦስቱ አንዱ 75 በመቶ ያህል አልኮል ነው። የሎሚው፣ የግሬፕፍሩቱና የቀረፋው ጣዕም ኃይሉን ስለሚሸፍነው ጠጪው ሳያውቀው ይወድቃል። ስለዚህ መጠጥ ቤቱ ለአንድ ሰው ከሁለት ብርጭቆ በላይ አልሸጥም ይል ነበር። ይህም ክልከላ ራሱ ጥሩ ማስታወቂያ ሆነለት።

ለግብዣው ስዘጋጅ ያስገረመኝ ግን ቅመማው ሳይሆን ስሙ ነው። ለመሆኑ ዞምቢ ማን ነው?

ቃሉ ወደ ካሪቢያን የተሻገረው ከመካከለኛው አፍሪካ በመርከብ ተግዘው ከተወሰዱ ባሮች ጋር ነው። ዛሬ ሃይቲ የምንላት የያኔዋ የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ሳን ዶሚንግ፣ በ1791 ባሮቿ ሲያምፁ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ባሪያ ነበራት፤ ብዙው የሚያልቀው በሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ነበር። ለባሪያው ሞት አንድ ተስፋ ነበረው፤ ነፍሱ ወደ አያቶቹ ምድር፣ ወደ አፍሪካ ትመለሳለች ብሎ ያምን ነበር። ዞምቢ ማለት እንግዲህ ይህን ተስፋ የተነጠቀ ሰው ነው። ከሞተም በኋላ ጌታ ያለው፣ ከመቃብር ወጥቶ ያለ ፈቃድና ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሰው ነው። ስለዚህ የሃይቲ ገበሬ የሚፈራው ዞምቢ እንዳይበላው አልነበረም፤ ዞምቢ እንዳይሆን ነበር።

ሃይቲ በ1804 ነፃነቷን አወጀች። ይሁንና ከ1915 እስከ 1934 የአሜሪካ ጦር ያዛት፤ ገበሬውንም በግዳጅ መንገድ ያሠራው ጀመር። ሻርለማኝ ፔራልት አመፅ መርቶ በ1919 ተገደለ። በዚሁ የወረራ ዘመን ዊልያም ሲብሩክ የተባለ አሜሪካዊ ጸሐፊ ወደ ደሴቲቱ ሄዶ «አስማተኛዋ ደሴት» የተሰኘ መጽሐፍ በ1929 አወጣ። እዚያ ከተጻፉት ታሪኮች አንዱ፣ በሃይቲ አሜሪካ ስኳር ኩባንያ እርሻ ላይ አገዳ ስለሚቆርጡ ሙታን ነው። ደመወዛቸውን የሚቀበለው ያመጣቸው ሰው ነው። አንድ ቀን ሚስቱ አዝናላቸው ጨው ያለበት ጣፋጭ ብትሰጣቸው ነቁ፤ መሞታቸውንም ዐውቀው ወደ መቃብራቸው ገሠገሡ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሆሊውድ ቤላ ሉጎሲን ይዞ የመጀመሪያውን የዞምቢ ፊልም ሠራ፤ ከዚያም ሁለት ዓመት ቆይቶ ኮክቴሉ መጣ። ከጆርጅ ሮሜሮ የ1968 ፊልም ወዲህ ደግሞ ዞምቢ ሰው በላ ሆኖ ቀረ። የተበደለው በዳይ ተባለ ማለት ነው።

ሩምም የሚወጣው ከዚያው ከሸንኮራ አገዳ ነው። መጠጡና ጭራቁ የአንድ እርሻ ልጆች ናቸው። ይህን ተናግሬ ስጨርስ ጓደኞቼ ብርጭ቏ቸውን ትንሽ ትክ ብለው አዩና ጠጡት። እኔም ጠጣሁ።

ይኼኔ አንዱ ጓደኛችን አረቄ በማርና በሎሚ ቀላቅሎ አመጣና «የፈረንጁስ ይብቃን፤ ይኸኛው ቡዳ ይባላል» አለ። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። ያልሣቀች አንዲት ጓደኛችን ብቻ ነበረች። «ታሪኩን ማን ይናገር?» ሲባል «እኔ» አለች።

«አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። የሠሩትን ጀበና ሁሉም ይገዛቸዋል። ልጅ የታቀፈች እናት ግን አያቴን ስታይ ልጇን በነጠላዋ ትሸፍን ነበር። ታሪኩ ይኸው ነው» ብላ ዝም አለች።

እኔም በልጅነቴ አያቴ ስለ ቡዳ ይነግሩን የነበረው ትዝ አለኝ። ቡዳ የበላው ሰው ከተቀበረ በኋላ ቡዳው ሌሊት መቃብሩን ቆፍሮ ያስነሣዋል፤ ወደ ቤቱም ወስዶ ያለ ዋጋ ያሠራዋል ይባል ነበር። ሃይቲን ሳነብ ይህ እንዴት ሳይታወሰኝ ቀረ? ሙት ተነሥቶ በባርነት ይሠራል የሚለው ፍርሃት በእኛም አገር ነበር። ባርነት ጨርሶ በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. በሆነ አገር ይህ ሊያስደንቅ አይገባም።

ልዩነቱ ግን ከባድ ነው። ሃይቲዎች በጭራቅ ታሪካቸው የከሰሱት ጌታውን ነው። እኛ የከሰስነው ግን ማረሻችንን የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማችንን የሚሠራውን፣ ቆዳችንን የሚፍቀውን፣ ድስታችንን የምታበጀውን ነው። ርስት የነፈግነውን ባለሙያ ዐይኑ ይበላናል ብለን ፈራነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ይመሰክራል። ከዐዋጁ በኋላ የተወለዱ እናቶችም ልጆቻቸውን በነጠላ መሸፈናቸውን አልተዉም።

አረቄውን ያመጣው ጓደኛችን «ይቅርታ፣ እኔ እኮ ለጨዋታ ነው» አላት። «ዐውቃለሁ» አለችው። መጠጡ ጥሩ ስለነበረ ጠጣነው፤ ስም ግን አላወጣንለትም። ቡናውንም ያፈላችው እርሷ ነበረች፤ «አንተ ጀበና አያያዝ አታውቅም» ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ።

በሌሎች ጭራቅ መጫወት ቀላል ነው፤ ባሕሩና ዘመኑ ስለሚያርቁት ደሙ አይታይም። እኔም ስለ ሃይቲ ባሪያ ሳዝን አምሽቼ ስለ ጎረቤቴ አያት ለመሣቅ ተሰናድቼ ነበር። አንባቢዬ፣ የጭራቅ ምሽት አታድርግ አልልህም። ስታደርግ ግን ብርጭቆውን ከማንሣትህ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቅ፤ ይህን ጭራቅ ጭራቅ ያለው ማን ነው?