ልብስን ማወቅ፤ ከአንጎለላ ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬው የጫጫ ገበያ

ሰው የሚበላውን የሚያውቀው ቤተ ሰቡ ነው፤ የሚለብሰውን ግን መንገደኛው ሁሉ ያየዋል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ሰው ልብስ በገዛ ጊዜ ገላውን ሳይሆን የሌላውን ዓይን አስቦ ይገዛል፤ ገንዘቡም ያልቃል፤ ብርዱም እንዳለ ይቀራል። የሸዋ ደጋ ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያስተምረናል፤ ይኸውም ደኅና ለባሽ ማለት ብዙ ያወጣ ሰው ሳይሆን ጨርቅን የሚያውቅ ሰው መሆኑን ነው። ይህን ዕውቀት አባቶቻችንና እናቶቻችን ከየት እንዳገኙት፣ እኛስ እንዴት እንደ ጣልነው፣ መልሰንስ እንዴት ልናገኘው እንደምንችል በዚህ ጽሑፍ ባጭሩ እንመለከታለን።

ጫጫ ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ በክረምትም ዝናሙና ጭጋጉ ይበረታል። እንዲህ ባለ አገር ልብስ አስቀድሞ የብርድ ጋሻ ነው፤ ጌጥነቱ ከዚያ በኋላ ይከተላል። የአገሩም ሰው ጋሻውን ከሁለት ወገን ያገኝ ነበረ፤ ጥጡን ከቆላው፣ ሱፉን ከደጋው።

ስለ ጥጡ ነገር ስንነሣ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ዘመን ማስታወስ ይገባናል። እኒህ ንጉሥ ሸዋን ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሲገዙ ከሚቀመጡባቸው ከተሞች አንዷ ለጫጫ ቅርብ የሆነችው አንጎለላ ስትሆን፣ ሌላይቱ በተራራው ራስ ላይ ያለችው አንኮበር ነበረች። ከአንኮበር በታች ወደ ይፋት ሲወረድ የአልዩ አምባ ገበያ ይገኛል። በዚያም የሐረርና የጠረፉ ነጋዴ ከደገኛው ጋር ይገናኝ ነበረ፤ አሞሌ ጨውና ማርያ ቴሬዛ ብርም የመገበያያ ገንዘብ ነበሩ። የይፋት ቆላ ጥጥ ያበቅላል፤ በዚያ የሚኖሩትም አርጎባዎች በንግድና በሽመና የታወቁ ናቸው። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻለቃ ሐሪስ ወደ ንጉሡ ሲመጣ ካቀረባቸው ስጦታዎች መካከል ከህንድ አገር የመጡ ያጌጡ ጨርቆች ነበሩበት። እንዲህ ያለው ልብስ ግን የመኳንንት ነበረ፤ ሕዝቡ ከቆላው ጥጥና ከደጋው በግ ይለብስ ነበረ።

ያ ጥጥ ልብስ እስኪሆን ድረስ የሚያልፍበትን መንገድ ማወቅ ይጠቅማል። ከገበያ የመጣው ጥጥ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ይነደፋል፤ በእንዝርት ይፈተላል፤ ከዚያም ድሩ ከማጉ ተለይቶ ለሸማኔ ይሰጣል። እስከ ሸማኔው ደጅ ድረስ ያለው ሥራ የቤቱ እመቤትና የልጆቿ ነበረ። ስለዚህ ሸማው ተሠርቶ በተመለሰ ጊዜ እመቤቲቱን የሚያታልላት አልነበረም፤ ፈትሉን በገዛ ጣቷ ስላወጣችው ቅጥነቱንም ብርታቱንም ታውቀዋለችና። ሸማኔው ማጉን አሳስቶ ቢወረውር፣ ወይም ፈትሉ ቢጎድል፣ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥታ ታየው ነበረ። እነሆ፣ የመጀመሪያው የልብስ ትምህርት ቤት እንዝርቱ ነበረ።

ልብሱም በየሥራው ነበረ። ስሱ ነጠላ ለቀላል ጊዜ፣ ኩታ ለክብርና ለበዓል፣ አራት ድርብ የሆነው ጋቢ ለሌሊትና ለብርድ፣ ከዚህም የሚወፍረው ቡልኮ ለብርቱ ቍር ይውል ነበረ። እንደዚሁም የአለባበሱ ሥርዓት ንግግር ነበረ። ሰው በታላቅ ፊት ሲቆም ሸማውን ያደገድጋል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ መስቀልኛ ያጣፋል፤ ኀዘን በደረሰበት ጊዜ ጥለቱን ወደ ላይ፣ ወደ ፊቱ ያዞራል። አንዱ ነጠላ ስለ ደስታም ስለ ኀዘንም ይናገር ስለ ነበረ፣ ለያንዳንዱ ቀን ሌላ ልብስ መግዛት አላስፈለገም። ይህን ልብ ልንለው ይገባል፤ ደኅና መልበስ በልብስ ብዛት ሳይሆን አንዱን ልብስ በአግባቡ በማዋል ነበረና።

ሁለተኛው ምንጭ ሱፍ ነው። በመንዝና በአካባቢው ደጋ የሚረባው በግ ሱፉ ሸካራና አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ነው። ከእርሱም ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሠራሉ። በርኖስ ትከሻን የሚሸፍን ጥቁር ካባ ሲሆን፣ ጥጥ በዝናም ሲርስ ሙቀቱን እንደሚያጣ ሱፍ ግን ርሶም ቢሆን ስለሚያሞቅ፣ ለደገኛ እረኛና ለመንገደኛ ከእርሱ የተሻለ አልተገኘለትም ነበረ። መልኩ አያንጸባርቅም፤ ሲዳስሱትም ይሻክራል፤ ሥራውን ግን በሚገባ ይሠራል። በ1950ዎቹ ዓመታት በደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ መቋቋሙም ይህ አገር ከሱፍ ጋር ያለውን የቆየ ዝምድና የሚያሳስብ ነው።

ከዚህ በኋላ የባሕር ማዶ ጨርቅ መጣ። በ19ኛው መቶ ዘመን የአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚሠሩት ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ በምሥራቅ አፍሪካ ገበያ ሁሉ ተሰራጨ፤ በኛም አገር አቡጀዲ የሚባለው ወፍራም ጨርቅ የሕዝቡ ልብስና የድንኳን መሥሪያ ሆነ። ገዢው አሜሪካዊውን የወደደበት ምክንያት ቀላል ነበረ፤ ጨርቁ ወፍራምና ብርቱ ነበረ። በዚያው ዘመን ከእንግሊዝ አገር የሚመጣው ርካሽ ጨርቅ ብዙ ጊዜ በስታርችና በነጭ አፈር ተለስኖ ይሸጥ ስለ ነበረ፣ ሲታጠብ ልስኑ ይለቅና ስስነቱ ይገለጥ ነበረ። በሩቅ አገር ያሉ ባለ ፋብሪካዎች ሳይቀሩ ማንበብ የማያውቀውን ገዢ ማታለል ተስኗቸው ነበረ ማለት ነው፤ እጁ ጨርቅ ያውቅ ነበረና።

የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ የውጭ ጨርቅ ዋጋና ብዛት ሌላ መልክ ያዘ። ከ1920ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የጃፓን ጨርቅ በርካሽነቱ ሌላውን ሁሉ እያስለቀቀ ገበያውን ያዘ። የመርሐቤቴው ተወላጅ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን በመልእክተኛነት ሲሄዱ፣ ያ አገር ለኢትዮጵያ ገበያ የሚያቀርበው ጨርቅ በየሱቁ የታወቀ ነበረ። ርካሹ ጨርቅ ለድኻው እውነተኛ ጥቅም ሰጥቷል፤ ይህን መካድ አይገባም። ዳሩ ግን ከእርሱ ጋር እንዝርቱ ከብዙ ቤት ወጣ፤ እንዝርቱም ሲወጣ ጨርቅን በእጅ የማወቅ ጥበብ አብሮ ወጣ።

ዕውቀቱን ያራቀብን ሁለተኛ ነገርም አለ፤ እርሱም ለሠሪው የነበረን ንቀት ነው። ሸማኔን በሥራው መስደብ በአገራችን የቆየ ክፉ ልማድ ነበረ። ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በዚያው በአንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ፣ ሸማኔውንም ሌላውንም የእጅ ባለሙያ በሥራው ምክንያት መስደብን ከለከሉ። አዋጁ የወጣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የለበሰውን ሸማ የሠራለትን ሰው የሚንቅ ሕዝብ፣ ውሎ አድሮ ስለ ሸማው የሚጠይቀውን ሰው ያጣልና። ዛሬ በየሱቁ በመኪና የታተመ የጥበብ አምሳያ ከእጅ ሥራው ጎን ተሰቅሎ ሲታይና ብዙ ገዢ ሁለቱን መለየት ሲያቅተው፣ የዚያ ንቀት ዕዳ እየተከፈለ ነው።

እንግዲህ ዕውቀቱን እንዴት እንመልስ? ሁላችንም ተመልሰን እንፍተል ማለት አይደለም፤ በጫጫ ገበያም ሆነ በሌላ ስፍራ ልብስ ለመግዛት የሚቆም ሰው ጥቂት ነገር ቢያደርግ ግን ይጠቀማል። ጥለቱን ገልብጦ ጀርባውን ይመልከት፤ የተሸመነ ከሆነ ክሩ በጀርባም ይታያል፤ የታተመ ከሆነ ጀርባው ይፈዛል። ጨርቁን ወደ ብርሃን ያንሣው፤ ድሩና ማጉ እኩል ካልተቀራረቡ ቶሎ ይሳሳል። በሁለት እጁ ያሸው፤ ዱቄት ቢረግፍ ልስን ነው። ስፌቱን ጥቂት ይሳበው፤ ክፍተት ካሳየ ጨርቁ ቢበረታም ልብሱ አይበረታም። ጥጥ ነው ተብሎ ከተነገረው ከጫፉ የረገፈ ክር ያቃጥል፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሽ ክር ግን ቀልጦ ይድቦለቦላል።

ስለ ዋጋውም ሒሳብ ይሥራ። በ600 ብር ተገዝቶ በ6 ወር የሚያልቅ ሹራብ በወር 100 ብር ያስወጣል፤ በ1500 ብር ተገዝቶ 3 ዓመት የሚያገለግል ግን በወር 42 ብር ያህል ብቻ ያስወጣል። «1500 ብር ባንድ ጊዜ ከየት ይምጣ?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ትክክል ነው፤ ድኻ ብዙ ጊዜ ውድ የሚገዛው በአንድ ጊዜ የሚከፍለው ስለሌለው ነውና። ለዚህም አገራችን ዕቁብን የመሰለ መሣሪያ አላት። በበዓል ዋዜማ ተበድሮ ከመግዛት ይልቅ፣ በሰኔ ወይም በመስከረም የዕቁብ ዕጣ ሲወጣ የኅዳርን ብርድ አስቦ መግዛት ይሻላል። ከተገዛም በኋላ ጥበቃ ያሻዋል። ቀድሞ ነጭ ልብስ በእንዶድ ይታጠብ ነበረ፤ ዛሬ በረኪና የሚያበዛ ሰው ግን ነጭነት ያገኘ እየመሰለው የጥጡን ጉልበት ያደክማል።

አንባቢ ሆይ፣ ከታሪኩ የምናገኘው ፍሬ ይህ ነው። የአንጎለላ ዘመን ሰው ከኛ ይልቅ ድኻ ነበረ፤ ልብሱም ጥቂት ነበረ፤ ነገር ግን በገላው ላይ ያለው ከምን እንደ ተሠራ፣ ማን እንደ ሠራው፣ ስንት ክረምት እንደሚያሳልፍ ያውቅ ነበረ። እኛ በብዛት በልጠነው በዕውቀት አንሰነዋል። በደጋው ብርድ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚሰድድ አባት ወይም እናት ከሻጩ ፊት ሲቆሙ እነዚያን ሦስት ነገሮች ቢጠይቁ፣ ልጁ ይሞቀዋል፤ የቤቱም ገንዘብ ይተርፋል፤ ሸማኔውና ባለ ባናውም ሥራቸውን የሚያውቅላቸው ገዢ ያገኛሉ።