የዳላሱ ግልግል

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን ከደጃችን ከዳላስ አይርቅም። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ላንስ አርምስትሮንግ በመስከረም 1971 እዚሁ ዳላስ ተወልዶ በሪቻርድሰንና በፕሌኖ አደገ። በ1993 ኦስሎ ላይ በብስክሌት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1996 ካንሰር ያዘው፤ ዳነ፤ ከ1999 እስከ 2005 ቱር ደ ፍራንስን ሰባት ጊዜ በተከታታይ አሸነፈ። በኋላ በዶፒንግ፣ ማለትም የተከለከለ መድኃኒት በመውሰዱ ምክንያት ሰባቱም ተሰረዙበት። እስከዚህ ድረስ ያልሰማ የለም። በከተማችን ውስጥ ስለተካሄደው የገንዘብ ክርክር የሰማው ግን ጥቂት ሰው ነው፤ ጥፋቱ የማን እንደነበር ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየውም እሱ ነው።

ዳላስ ውስጥ ኤስሲኤ ፕሮሞሽንስ የሚባል ድርጅት አለ። መሥራቹ ቦብ ሃማን ብሪጅ በሚባለው የካርታ ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው። የድርጅቱ ሥራ እንደ ኢንሹራንስ ነው፤ አንድ ኩባንያ ለአሸናፊ ትልቅ ሽልማት ቃል ሲገባ፣ ኤስሲኤ አስቀድሞ ክፍያ ይቀበልና ዕዳውን ይሸከማል። የአርምስትሮንግን ቡድን ያስተዳድር የነበረው ቴይልዊንድ ስፖርትስ ይህን ውል ገዛ። አርምስትሮንግ በ2004 ለስድስተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ ኤስሲኤ 5 ሚሊዮን ዶላር መክፈል ነበረበት።

በዚያው ዓመት ዴቪድ ዎልሽና ፒየር ባሌስተር የተባሉ ጋዜጠኞች በፈረንሳይኛ ባሳተሙት መጽሐፍ አርምስትሮንግ የተከለከሉ መድኃኒቶችን ሳይወስድ አልቀረም የሚል ማስረጃ አቀረቡ። ሃማን ነገሩ ሳይጣራ አልከፍልም አለ። ክርክሩ በግልግል ዳኞች ፊት ቀረበ።

ምስክር ሆነው ከተጠሩት መካከል የአርምስትሮንግ የቀድሞ የቡድን ጓደኛ ፍራንኪ አንድሩና ባለቤቱ ቤትሲ ይገኙበታል። ሁለቱም በመጥሪያ ተገደው፣ ቃለ መሐላ ፈጽመው ተናገሩ። በጥቅምት 1996 በኢንዲያናፖሊስ ሆስፒታል ሊጠይቁት ሄደው ሳለ አርምስትሮንግ ኢፒኦን፣ ቴስቶስትሮንንና የእድገት ሆርሞንን መውሰዱን ለሐኪሞቹ ሲናገር በጆሯችን ሰምተናል አሉ። አርምስትሮንግ በ2005 መገባደጃ እሱም ምሎ ሁሉንም ካደ።

ታዲያ ማን አሸነፈ? አርምስትሮንግ። ውሉ ስለ ዶፒንግ የሚል አንድም አንቀጽ አልነበረውም፤ የሚጠይቀው በይፋ አሸናፊ የተባለው ማን ነው የሚለውን ብቻ ነበር። አሸናፊነቱን የማጽደቅም የመሰረዝም ሥልጣን ደግሞ በዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር፣ በዩሲአይ እጅ ነው። ዩሲአይ ዝም እስካለ ድረስ የአንድሩዎች ምስክርነት ዳኞቹ ፊት ቢመዘገብም የትም አይደርስም። ኤስሲኤ በየካቲት 2006 ታርቆ 7.5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ቤትሲ ግን እውነት በመናገሯ ለዓመታት ስሟ ሲጠፋ ኖረ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ኢፒኦ ኩላሊታችን የሚሠራው ሆርሞን ነው፤ መቅኒያችን ቀይ የደም ሕዋስ እንዲያመርት ያዛል። በፋብሪካ የሚሠራው የተፈለሰፈው ደም ላነሳቸው ሕሙማን ነበር። ጤነኛ ሰው ሲወጋው ደሙ ይወፍራል፣ ለጡንቻው የሚደርሰው ኦክስጅን ይበዛል፣ ልቡ ግን አደጋ ላይ ይወድቃል። በ1990ዎቹ መድኃኒቱን በቀጥታ የሚለይ ምርመራ አልነበረም። ዩሲአይ በ1997 ያደረገው፣ የቀይ ሕዋሱ ድርሻ ከደሙ 50 ከመቶ ካለፈ ብስክሌተኛው ለጊዜው እንዳይወዳደር ማገድ ነበር። ሐኪሞች 50ን ሳያልፉ መጠጋትን ተማሩ ማለት ነው። በ1999 ቱር የአርምስትሮንግ ሽንት ውስጥ ኮርቲኮስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ሲገኝ ደግሞ፣ ዘግይቶ የቀረበው የሐኪም ማዘዣ ተቀባይነት አገኘ። ይኸው ማኅበር ከዚያ በኋላ ከራሱ ከአርምስትሮንግ የገንዘብ ስጦታ ተቀብሏል፤ በ2002 25 ሺህ፣ በ2005 100 ሺህ ዶላር። በ2015 የወጣው የገለልተኛ ኮሚሽን ሪፖርት ጉቦ ስለመሆኑ ማረጋገጫ አላገኘም። ማኅበሩ ለአርምስትሮንግ ማዳላቱን ግን ያለ ማመንታት ጽፏል። ፈታኝ ከሚፈትነው ሰው ገንዘብ መቀበሉ ብቻውን እኔን ያስቆጣኛል።

በጥቅምት 2012 የአሜሪካ ፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ የ26 ሰዎችን ቃል ይዞ ወጣ። 11ዱ የአርምስትሮንግ የቡድን ጓደኞች ነበሩ። ለጣሊያናዊው ሐኪም ለሚኬሌ ፌራሪ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ መከፈሉም ተገለጠ። በጥር 2013 አርምስትሮንግ ለቴሌቪዥን አቅራቢዋ ለኦፕራ ዊንፍሬይ አመነ፤ ስለ ሆስፒታሉ ክፍል ስትጠይቀው ግን አልመልስም አለ።

ሃማን ወደ ዳኞቹ ተመለሰ። በየካቲት 2015 ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ አርምስትሮንግና ቴይልዊንድ 10 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍሉ ተወሰነ። ምክንያቱ በሐሰት መማል ነበር። በዚያው ዓመት መስከረም ታርቀው አርምስትሮንግ ሃማንን ይቅርታ ጠየቀ።

ተጠያቂው ማን ነው? መርፌውን የተወጋውና በሐሰት የማለው አርምስትሮንግ ነው፤ ይህን ከትከሻው ላወርድለት አልፈልግም። ሐኪሙ ፌራሪ ዕድሜ ልኩን ከስፖርቱ ታግዷል። የቡድኑ አለቃ ዮሃን ብሩኔል መጀመሪያ የ10 ዓመት፣ በኋላ የዕድሜ ልክ እገዳ ተጥሎበታል። መርማሪ መሆን ሲገባቸው ጠባቂ የሆኑትስ? ሃይን ፌርብሩገን ዩሲአይን እስከ 2005 መርተዋል። ተተኪያቸው ፓት ማክኳይድ በ2013 ምርጫ ተሸንፈው ወረዱ። በዚህ ጉዳይ ሁለቱም እገዳ አልደረሰባቸውም። በአገራችን በኢትዮጵያ ግን በ2017 መጨረሻ አንድ ወጣት የማራቶን ሯጭ ሜልዶኒየም የሚባል የተከለከለ መድኃኒት ተገኝቶበት 3 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ልጆቻችንን ለሩጫም ለብስክሌትም ስንሰጥ፣ መድኃኒቱን ያቀረበው ማን ነው፣ እያየ ዝም ያለውስ ማን ነው ብለን ስማቸውን መጠየቅ መብታችን ነው።